ርገጪ፣ ያዢ፣ ልቀቂ

እህቴን ልንጠይቅ ከእንጦጦ ወደ ሱሉልታ ስንወርድ የልጄ የአቤል እግር ፍሬኑ ላይ ሲሰምጥ አየሁት። መርገጫው እንደ ትራስ ለስልሶ ወለሉ ድረስ ወረደ። ከፊታችን ገለባ የጫነ መኪና ይንፏቀቃል፤ እኛ እየበረርን ነው። "እማ..." አለ። ያን መርገጫ አውቀዋለሁ፤ መኪናዋ የሟቹ አባቴ ቮልስ ነች። "ደጋግመህ ርገጥ! ማርሽ ቀንስ!" ብዬ ጮህኩ። ሲደጋግመው ትንሽ ያዘለት፣ የእጅ ፍሬኑንም ቀስ እያለ ሳበ፣ ገለባውን ልንነካው ክንድ ሲቀረን ዳር ይዘን ቆምን። ወርጄ ጎማው ስር ድንጋይ አስገባሁና እዚያው ተዘረፈጥኩ።

"ይሄን ማን አስተማረሽ?" አለኝ። እውነቱን ነው፤ እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም። ይሄን ግን ትምህርት ቤት አልተማርኩትም።

ልጅ እያለሁ ቡራዩ ነበር ቤታችን። አባዬ የጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበር፤ ቁስል ያሽጋል፣ መርፌ ይወጋል። ቅዳሜ ከሰዓት ነጭ ጋውኑን ያወልቅና ከቮልሷ ጋር ትግል ይገጥማል። የፍሬኗ ጣጣ አያልቅም፤ ዛሬ የጎማውን ታምቡር ፈትቶ ውስጡ ያለውን የፍሬን ሸራ ይቀይራል፣ ነገ ደግሞ ዘይቱ ይጎድላል። ጎረቤታችን ኦቦ ቶሎሳ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን ብቅ አድርገው "ድሬሰር፣ ዛሬም መርፌ ልትወጋት ነው?" ይሉታል። "ይቺ እንደ አንቱ አትጮህም!" ይላቸዋል።

እውነትም የሚያክማት ነበር የሚመስለው። ከጎማው ጀርባ ባለችው ትንሽ ብሎን ላይ የጉሉኮስ ቱቦ ይሰካና ጫፉን ጠርሙስ ውስጥ ይነክራል። ፍሬኑ ውስጥ የገባውን አየር ማስወጣቱ ነው። ለዚህ የሚረግጥለት ሰው ያስፈልገዋል፤ ያ ሰው እኔ ነበርኩ። እግሬ ስለማይደርስ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተንሸራትቼ መሪውን እጨብጣለሁ። "ርገጪ፣ ኢንተላ ኮ!" ይለኛል፤ ልጄ ማለቱ ነው። እረግጣለሁ። "ያዢ!" ብሎኑን ሲከፍተው መርገጫው ከእግሬ ስር እየሰመጠ ይሄዳል፣ ጠርሙሱ ውስጥ አረፋ ይንተከተካል። ብሎኑን መልሶ ካጠበቀ በኋላ ነው "ልቀቂ!" የሚለው። "ቀድመሽ ከለቀቅሽ የወጣው አየር ተመልሶ ይገባል" እያለ ስንት ጊዜ ነግሮኛል። የፍሬን ዘይቱና ፀሐይ ያጋለው ወንበር ሽታ አሁንም ከአፍንጫዬ አልጠፋም።

አንድ ቅዳሜ የሰፈር ልጆች ከአጥር ውጪ ፔፕሲ ይጫወታሉ። "ነይ እንጂ፣ ሰው ጎድሎናል!" ብለው ጠሩኝ። ዞር ስል እግሬ ከመርገጫው ላይ ተነሳ። አባዬ ገና "ልቀቂ" አላለም ነበር። "ይዘሻል?" አለኝ። "አዎ" አልኩት። ዝናብ መጣና ሳይፈትሻት ቸኩሎ ሰበሰበ፤ እኔም ወደ ጨዋታዬ በረርኩ።

በማግስቱ ከገፈርሳ ስንመለስ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ እምቢ አለ። እናቴ ታናሽ ወንድሜን ደረቷ ላይ ለጥፋ "ማርያም! ማርያም!" ትላለች። አባዬ ደጋግሞ እየረገጠ፣ ማርሽ እየቀነሰ፣ ዳገታማ የእግር መንገድ ውስጥ አስገባትና ባሕር ዛፎቹ መሃል ቆመች። ከዚያ መሪው ላይ ተደፋ። "ጥፋቱ የኔ ነው፤ ብሎኑን በደንብ አላጠበቅኩትም" አለ። እናቴ ሳምንት ሙሉ አኮረፈችው። እኔ እግሬን ማንሳቴን እስኪሞት ድረስ አልነገርኩትም።

"አንተስ፣ ሰሞኑን ፍሬኗን ስትሠራ ማን ረገጠልህ?" አልኩት አቤልን፣ መንገዱ ዳር እንደተቀመጥኩ። ለካ ስልክ ላይ እያየ፣ ብቻውን፣ መርገጫውን በእንጨት ደግፎ ነው የሠራት። እንጨቱ ሲንሸራተት አየር ገብቷል።

"እኔ እኮ ቤት ነበርኩ።"

"እንዳላስቸግርሽ ብዬ ነው፣ እማ።"

ድሮ አንድ መኪና ሲሠራ ቤቱ ሁሉ ይጠራ ነበር፤ ጎረቤት እንኳ ለነገር ይመጣል። ዛሬ ልጆቻችን እናታቸው ጓዳ ቁጭ ብላ እንጨት ይጠራሉ።

አቤል የተረፈውን የፍሬን ዘይትና ቱቦውን ከመኪናዋ አወጣ፤ እኔ መሪው ጋ ተቀመጥኩ። "ርገጪ! ያዢ!" እግሬን እንደተከልኩ ያቺን ቅዳሜ ነገርኩት። ለማንም ነግሬ አላውቅም። ከጎማው ጀርባ አንገቱን ብቅ አድርጎ "እማ፣ በናትሽ፣ ዛሬ እንኳ እንዳትለቂ!" አለኝ። ሳቄ መጣ፣ እንባዬም መጣ፤ እግሬ ግን ንቅንቅ አላለም። አራቱንም ጎማ እንዲህ ስናዳርስ መርገጫው ጠነከረ። መኪናዋ ቆማ ሳለች አቤል አሥር ጊዜ ረግጦ ፈተሻት፤ አላመንኩትም፣ እኔም ረገጥኩት።

ቀሪውን ቁልቁለት በሁለተኛ ማርሽ፣ እየያዝን እየለቀቅን ወረድን። ሜዳው ላይ ስንደርስ ነው እጄን ከበሩ እጀታ ያላቀቅኩት። እህቴ በሯ ላይ ቆማ "ምነው ቆያችሁ?" አለችን።

"ደርሰናል" አልኳት። "ደህና ነን።"