የካርቦኑ አራተኛ እጅ

የቀበሌው ሊቀመንበር ኢስሃቅ ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ባውራ ጣቱ ሲጫናት፣ ኑርሀያት ነፍሷ ከጣቱ ሥር የተደፈጠጠች መሰላት።

ዘመኑ ሰባ ዓመተ ምሕረት ነው፤ ሐይቅ ከተማ በጠራራ ፀሐይ የተጠራ ሰው የማይመለስበት። ኑርሀያት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት። የኬሚስትሪ መምህሯ ሙሉጌታ ከታሰሩ ሳምንት ሆኗቸዋል። ዛሬ ረፋዱ ላይ አብዮት ጠባቂዎች የእነኑርሀያትን ቤት ሲፈትሹ፣ መምህሩ የሰጧትን የቤት ሥራ ከፍራሿ ሥር አገኙት፤ በመስመር የተያያዙ ፊደሎች።

«የአናርኪስት ህዋስ ነው» አለ ኢስሃቅ። «ሁለት አለቃ፣ አራት ተራ አባል፣ አንድ መልእክተኛ። ስማቸውን!»

«ወላሂ ጋሼ... ጓድ ሊቀመንበር! ትምህርት ነው። ሲ ማለት ካርቦን ነው፣ አራት እጅ አለው። ኤች ሃይድሮጅን ነው፣ አንድ እጅ ብቻ።»

«እጅ ያለው ፊደል!» ብሎ ሳቀ በሩ ላይ የቆመው ታጣቂ ባዬ። «እግርም ካለውማ ሳያመልጥ እንሰረው።»

ኢስሃቅ አልሳቀም። ሊቀመንበር ከመሆኑ በፊት ሐይቁ ዳር መረብ ሠሪ ነበር፤ ከእያንዳንዱ ቋጠሮ አራት ክር ሲወጣ ሲያይ የኖረ ሰው ነው። ጣቱ መስመሮቹን ተከትሎ ሄደና ቆመ።

«ይሄኛው ሲ አራት አለው። ይሄኛው ሦስት። ማንን ደበቅሽ?»

እውነቱን ነው። መምህሩ የሰጧት የየፊደሉን ብዛት ብቻ ነበር፤ ማን ከማን እንደሚያያዝ ፈልጎ ማግኘት የእሷ ድርሻ ነው። ሦስት ቀን ታግላ አልጨረሰችውም። አንድ ኤች ብትጨምር፣ ከላይ በመምህሩ እጅ የተጻፈው «ኤች አራት» ያጋልጣታል።

ኢስሃቅ እርሳስ ወረወረላት። «ሙይው።»

ያኔ፣ በዚያ ሁሉ ፍርሃት መሀል፣ የክፍሏ ተማሪ በአምባሰል ዜማ የሚያዜማት ግጥም ከሆዷ ተነሣች፦

ካርቦን ባራት እጁ ይዞ ሲጫወት፣
ኦክስጅን በሁለት፣ ሃይድሮጅን ባንድ ጣት።

በሁለት! ኦክስጅኑን፣ ያንን አንዱን ኦ፣ ባንድ እጁ አንጠልጥላው ነበር፤ ሁለተኛው እጁ ባዶውን ቀርቷል። ከመስመሩ ጎን ሌላ መስመር ሳበች።

«ኦክስጅኑ ካርቦኑን በሁለት እጁ ነው የያዘው። የተደበቀ የለም።»

ኢስሃቅ ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ። የሐይቁ ነፋስ ቆርቆሮውን አንኳኳ።

«ሞልቷል» አለ በመጨረሻ። ከዚያም ወደ ባዬ ዞሮ፣ «ውሰዳት።»

ባዬ ክንዷን ሲይዛት፣ «እማዬ!» ብላ ጮኸች።

«ምን ያስጮኽሻል? ወደ ቤትሽ ነው!»

የመንገዱን በር ከፈተላት። ወጣች። ከደጃፉ መለስ ብላ ስታይ፣ ኢስሃቅ ያንኑ አውራ ጣቱን ከላይ፣ የመምህሩ ጽሑፍ ላይ አኑሯል፤ አሁን ከጣቱ ሥር ያሉት እሳቸው ናቸው።