ግማሽ ሊትር ማር

አማቴ ማር ነጋዴ ናቸው። ከሚኖሩበት ከአንገቱ ከተማ እኛ ቤት፣ ሮቤ ድረስ ተሳፍረው ሲመጡ እጃቸው ባዶ ሆኖ አያውቅም፤ ምላሳቸውም እንደዚያው። ባለፈው ጊዜ ወጤን ቀምሰው «ደህና ነው፤ ትለምጃለሽ» አሉኝ። ካገባሁ እኮ ሦስት ዓመት አልፎኛል!

ስለዚህ ማርገዜን በምነግራቸው ዕለት አንድም እንከን እንዳይገኝብኝ ቆረጥኩ። የማር ኬክ ጋግሬ፣ አቅርቤላቸው፣ ቀምሰው ሲያደንቁልኝ ልነግራቸው። ባለቤቴንም ከእኔ በፊት ትንፍሽ እንዳይል አስጠነቀቅኩት።

ስልኬ ላይ ያገኘሁት አሠራር ሁሉንም በግራም ነው የሚናገረው። ማሩ አምስት መቶ ግራም ነው ይላል። ሚዛን የለኝም። ግን እኔ የሒሳብ ክፍል ሠራተኛ፣ ለዚህ ብዬ ሚዛን ልዋስ? ግማሽ ሊትር ውሃ ግማሽ ኪሎ እንደሚመዝን ገና ተማሪ ሳለሁ ሸምድጄዋለሁ። አማቴ ቀደም ብለው የላኩልኝ ማር ደግሞ በሁለት የግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ሞልቶ ተቀምጧል። አንዱን ገልብጬ ጠብታ እስኪያልቅ አንጠፈጠፍኩት። ዘይቱንም በዚያው ሒሳብ ለክቼ ጨመርኩ።

ኬኩ መጀመሪያ አምሮበት ነበር። አማቴ በሩን ሲያንኳኩ ግን ዳር ዳሩ ጠቁሮ መሀሉ ሰምጧል። የምደብቅበት ጊዜ እንኳ አላገኘሁም። ማልቀስ አማረኝ፤ ስላፈርኩ ግን ተቆጣሁ።

«ማሩ ነው! እኔ ልክ ግማሽ ኪሎ ነው የጨመርኩት!»

«በምን መዘንሽው ልጄ፣ ኢንታላ ኮ?»

ባዶውን ፕላስቲክ አሳየኋቸው። ውሃ ሞሉበትና በአንድ እጄ አስያዙኝ፤ ማር ያለበትን ደግሞ በሌላው። ማር የያዘው እጄ ወደ ታች ወረደ። እኔ ግን እንዲህ በቀላሉ አልረታም፤ ሻሼን ጣል አድርጌ ሁለቱንም ይዤ ጎረቤት ሱቅ ሮጥኩ። ባለሱቁ መዘነልኝ። ውሃው እንዳልኩት ግማሽ ኪሎ ነው። ማሩ ሰባት መቶ ግራም አለፈ።

አንገቴን ደፍቼ ተመለስኩ።

«ዘይት ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ማር ግን ውሃ ውስጥ ይሰምጣል» አሉኝ አማቴ። «ታዲያ እንዴት እኩል ይመዝናሉ?»

ይህን ያህል ዓመት ተምሬ እንዲህ ብሎ የነገረኝ ሰው የለም። አማቴ ኬኩን እያዟዟሩ አዩትና ሳቃቸው መጣ።

«ይሄማ ገንፎ ነው! የቅቤ ማድረጊያ ጉድጓድም አለው። አራስ በሌለበት ቤት ገንፎ ምን ያደርጋል?»

ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ።

«አራሷም ስድስት ወር ነው የቀራት፣ እማማ።»

«አልሐምዱሊላህ!» ብለው አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ። ሁለታችንም አለቀስን። ዕንባቸውን በሻሻቸው ጠርገው ተቀመጡና ከሰመጠው መሀል በማንኪያ ጨልፈው ቀመሱ።

«ደህና ነው» አሉ።

«ትለምጃለሽ» እስኪሉኝ ጠበቅኩ። አላሉም፤ ደግመው ጨለፉ።