እናታችንን ያላረዳናት መርዶ

ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ትዳሬ ፈርሶ፣ የስፌት መኪናዬን ታክሲ ጣሪያ ላይ አስጭኜ እናቴ ቤት ከተመለስኩ ሁለተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ቤታችን ከመካኒሳ አቦ ቤተ ክርስቲያን ቁልቁል ሲወርዱ፣ መኪና የማያስገባ ቅያስ ውስጥ ያለ የቀበሌ ቤት ነበር፤ ሁለት ክፍል፣ የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን። ታላቅ ወንድሜ ጋራዥ ይሠራል፤ ስላላገባ እሱም እዚያው ነው የሚያድረው። ሦስት ነበርን።

እንደ እናቴ አዲስ አበባን የወደደ ሰው አላየሁም። ከሶዶ ገጠር የመጣችው በአሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ሰው ከተማን የሚወደው ለሥራው፣ ለመብራቱ፣ ለሐኪሙ ነው ይባላል። እሷም መብራቱን አልጠላችም። ከቅዳሴ ስትመለስ አስፋልቱ ዳር ቆም ብላ የታክሲ ረዳቶቹ የሰፈር ስም ሲጠሩ መስማት ደስ ይላት ነበር፤ የትም አትሄድም፣ ዝም ብላ ትሰማለች። ትኩስ ዳቦ ከበር ላይ መገኘቱን ትወዳለች። ከሁሉ በላይ ግን የምትወደው የሰው መጠጋጋት ነው። «አገር ቤት ታመህ ጎረቤት ለመጥራት ማሳ ታቋርጣለህ፤ እዚህ ግድግዳ መምታት ነው» ትል ነበር።

እውነቷን ነው፤ ትመታው ነበር። የሳሎናችን ግድግዳ ከጎረቤታችን ጋር የጋራ ነው። በወዲያ በኩል የሚኖሩት ባላቸው የሞቱባቸው የስልጤ ሴት ነበሩ፤ ልጆቻቸው ዐረብ አገር ሄደው እዚያው ቀርተዋል። በራቸው ላይ ቅመማ ቅመም ይሸጣሉ። ከእናቴ ጋር ሠላሳ ዓመት ሲኖሩ ከሰላምታቸው ግማሹ በግድግዳው በኩል ነው። በረመዳን እናቴ እንቅልፍ ስለማይበረክትላት ለስሑር የምትቀሰቅሳቸው እሷ ነበረች፤ በሙቀጫ ዘነዘና ሦስት ጊዜ ኳ ኳ ኳ። አንድ ቀን እሳቸው ከወዲያ፣ «አንቺ፣ ሽሮሽ አረረ፤ ሽታው እኔ ቤት ገብቷል» ሲሉ፣ እናቴ ከወዲህ፣ «ከገባማ ብይው» አለቻቸው። ሁለቱም እስኪደክማቸው ሳቁ።

እናቴ የታመመችው በክረምት ነው። እግሯ አበጠ፣ ትንፋሽ አጠራት። ሐኪሙ ልቧ ደክሟል አለን። መድኃኒት ጻፈ፣ ጨው ከለከለ፣ በመጨረሻም ወንድሜን ለብቻው ጠርቶ ድንጋጤ እንደማይስማማት ነገረው። እኔ የመድኃኒቱን ሰዓት በቃሌ ያዝኩ፤ ወንድሜ ድንጋጤ የሚለውን ቃል ያዘ።

ሰፈሩ ለልማት እንደሚነሳ ስብሰባ ተጠርተን የተነገረን ሐኪም ቤት በሄድን በሦስተኛው ሳምንት ነው። ሴቶቹ እዚያው ስብሰባው ላይ ማልቀስ ጀመሩ። ስንመለስ ወንድሜ ቅያሱ አፍ ላይ አቆመኝና ለእናታችን ምንም እንዳልተነፍስ አስጠነቀቀኝ። ሳታውቅ እንዴት ይሆናል ብዬ ብጠይቀው፣

«ለታመመ ሰው መርዶ ይረዳል እንዴ? የት ያየሽውን ነው?» አለኝ።

እናንተም ታውቁታላችሁ፤ እኛ ዘንድ ክፉ ወሬ በዘፈቀደ አይነገርም። አባታችን የሞተ ጊዜ እንኳ እኔ ትምህርት ቤት ሁለት ቀን ውዬ ነው፣ በሦስተኛው ማለዳ ዘመድ ተሰብስቦ የተረዳሁት። ስለዚህ ወንድሜ ያለው ባዕድ ነገር አልመሰለኝም። እንዲያውም የእናት ፍቅር መሰለኝ።

በየበሩ በቀይ ቀለም ምልክት ሲደረግ ወንድሜ በእኛ በር ላይ አሮጌ ቆርቆሮ አስደግፎ ሸፈነው። ከበላያችን ያሉትን ቤቶች ስካቫተር ማፍረስ ሲጀምር ጩኸቱ አልጋዋ ድረስ ይመጣ ነበር። እናቴ ምንድነው ብላ ጠየቀች። ወንድሜ ሳያስብበት፣ ቅያሱ አስፋልት ሊሆን ነው አላት።

ወይ ደስታዋ! አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ሠሪዎቹን ስትመርቅ ዋለች። ሊጠይቃት ለመጣ ሁሉ የምታወራው ይህንኑ ሆነ፤ በመጨረሻ መኪና ደጃችን ሊገባ ነው፣ ከእንግዲህ ሰው ታሞ በቃሬዛ አይወጣም፣ ከተማ ማለት ይሄ ነው። ጠያቂዎቹ ወንድሜ በር ላይ አስቀድሞ ስለሚያስጠነቅቃቸው፣ «አዎ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ» ይሏታል። ሲወጡ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይይዙና ከውኃ ልኩ አጠገብ ቆመው ያለቅሳሉ። እኔ ሻይ ይዤ እገባለሁ፣ እሷ ስለ አስፋልቱ ትነግረኛለች።

ነገሩ የተበላሸው የምትክ ቤቱ እጣ በሚወጣበት ቀን ነው። የቅያሳችን ሽማግሌ ብዙ ደጅ ጠንተው፣ አብረው የኖሩ ጎረቤቶች ከፈለጉ ተያይዘው ወደ ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ካሉት ኮንዶሚኒየሞች አንዱ ሕንጻ ላይ እንዲደርሳቸው አስፈቅደው ነበር። መስፈርቱ አንድ ነው፤ ቤቱ በስሙ የሆነው ሰው ራሱ ቀርቦ ይፈርም፣ ካልቻለም ፈርሞ ውክልና ይስጥ። ቤቱ በእናቴ ስም ነው። ውክልና እንድትሰጥ ደግሞ ለምን እንደምትፈርም ማወቅ አለባት።

ጎረቤታችን በዚያ ሰሞን በቀን ሦስቴ ይመጡ ነበር። ወንድሜን ጓሮ ይዘውት ሄደው ለመኑት። «እኔ ልንገራት፤ ሠላሳ ዓመት ሁሉን ለእኔ ስትነግረኝ የኖረች ናት፣ ከእኔ አፍ ከሰማችው አይገድላትም» አሉት። እሱ ብትሞት ደሟ በእርስዎ ላይ ነው አላቸው። እንዲህ ያለ ቃል ለእሳቸው ሲናገር የመጀመሪያው ነበር። ጓሮውን ጥለው ወጡ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ዝም አልኩ። ከሁሉም የሚቆጨኝ ይሄ ነው፤ ውስጤ ንገሯት እያለኝ ነበር፣ ግን የእሱን «ብትሞትስ» ልመልስለት አልቻልኩም።

ቀኑ አለፈ። የቅያሳችን ሰዎች ሀይሌ ጋርመንት አጠገብ አንድ ሕንጻ ደረሳቸው። ለእኛ ከቀረው ተፈልጎ፣ የከተማው ሌላ ጫፍ ላይ፣ ሦስት ታክሲ የሚያስይዝ ቦታ፣ አራተኛ ፎቅ ተሰጠን።

መውጫቸው ሲደርስ ጎረቤታችን አንድ ነገር ብቻ ለመኑ፤ እንድሰናበታት ፍቀዱልኝ፣ አፉ፣ ይቅር ሳንባባል አልሄድም አሉ። ወንድሜ ተንበረከከ። ጋራዥ የሚውል፣ ዘይት የጠገበ ቱታ የለበሰ ትልቅ ሰው ጭቃው ላይ ተንበርክኮ፣ እውነቱን እንዳይነግሯት እግራቸውን ያዘ። እሳቸውም ወደ እናቴ ገቡና ቡታጅራ ያለችው እህቴ ታማብኛለች፣ ሁለት ሳምንት ደርሼ ልምጣ አሏት። እናቴ ቶሎ ተመለሽ፣ አስፋልቱ ሳያልቅ ድረሽ አለቻቸው። እጇን ሳሙት። እጅ መሳም ልማዳቸው ስላልነበር እናቴ ሳቀችባቸው፤ «ምነው፣ አቡን አደረግሽኝ?» አለች። ከደጅ ዕቃቸው የተጫነበት መኪና ይጠብቃቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ እናቴ በየጠዋቱ ዘነዘናዋን አንስታ ግድግዳውን አንድ ሁለቴ ትመታለች፤ መልስ ሲጠፋ አልመጣችም ማለት ነው ትላለች። ዘጠኝ ቀን እንዲህ ሆነ።

በአሥረኛው ቀን ረፋዱ ላይ ስፌቴ ላይ ተቀምጫለሁ። ከወዲያ በኩል ቆርቆሮ ሲነቀል፣ እንጨት ሲሰበር ይሰማል። እንዳትሰማው ብዬ መኪናዬን ያለ ጨርቅ እረግጣለሁ። ድንገት እናቴ፣

«ምነው ግድግዳው በራ?» አለች።

ቀና ስል በየስንጥቁ ፀሐይ ይገባል። ሠላሳ ዓመት ብርሃን ያላየ ግድግዳ። እናቴ ብቻዋን ከአልጋዋ ወረደች። ልይዛት ስል በክርኗ ገፋችኝ። ግድግዳው ላይ የለጠፍኩትን ጋዜጣ ጠርዙን ይዛ ቀደደችውና በትልቁ ስንጥቅ ዓይኗን አስጠጋች። ምን እንዳየች አውቃለሁ፤ በኋላ እኔም አየሁት። ሰማይ፣ የአፈር ክምር፣ የጎረቤታችን የቅመም መደርደሪያ የነበረበት ምልክት።

አልጮኸችም። አልወደቀችም። ወንድሜ ደውዬለት ሮጦ ሲመጣ ደጃፉ ላይ ነጠላዋን አጣፍታ ተቀምጣ ነበር፤ በሩን የሸፈነው ቆርቆሮ አጠገቧ ወድቋል። እግሯ ሥር ተቀምጦ ሁሉንም ነገራት፤ ሐኪሙን፣ እጣውን፣ ቡታጅራን። እስኪጨርስ አላቋረጠችውም።

«የራሴን ለቅሶ እኔ ሳልቀመጥ ጨረሳችሁት» አለችው።

ቀጥላም፣ «አስፋልቱስ?» ብላ ጠየቀችው።

አዲሱ ቤት በውነቱ ጥሩ ቤት ነው። ውኃው ከውስጥ ነው፣ መታጠቢያ አለው፣ መስኮቱ ሰፊ ነው። ወንድሜ በጀርባው አዝሎ አራት ፎቅ አወጣት፤ ከዚያ በኋላ ለሐኪም ካልሆነ አልወረደችም። በመጀመሪያው ሳምንት ግድግዳውን መታችው። አንዲት ወጣት ሴት በራችንን አንኳኩታ በትህትና ሚስማር እየመታችሁ ነው ወይ፣ ልጄ ተኝቶብኛል አለችን። እናቴ ይቅርታ ጠየቀቻት፣ መርቃም ሸኘቻት። ዘነዘናውን ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

ጎረቤታችን በየቀኑ ይደውሉ ነበር። ስልኩን ይዤ እቀርባለሁ፤ እናቴ ፊቷን ታዞራለች።

«ቡታጅራ ናት አላላችሁኝም? ስትመለስ ትመጣለች» ትለኛለች።

ያስዋሸናቸው እኛ ነን፣ እሳቸው ተገደው ነው ብዬ አለቀስኩባት። አውቃለሁ አለችኝ። «እሷ ግን አፍ ነበራት። አንቺም አፍ ነበረሽ።» ሰው ይሸመግለን ብዬ አሰብኩ፤ ግን ማን? ሽማግሌው፣ የንስሐ አባቷ፣ የእድሩ ዳኛ፣ ሁሉም በየፊናቸው ተበትነዋል። በአዲሱ ሕንጻ ላይ አንድም ሰው በስሙ አላውቅም ነበር። ጎረቤታችንም ልምጣ ሲሉ ወንድሜ ትንሽ ትረጋጋ፣ አሁን አይሆንም ይላቸዋል። ደግሞም ገና ጊዜ አለ ብለን ነበር። ሁልጊዜ ጊዜ ያለ ይመስላል።

መስኮቱ አጠገብ ትቀመጣለች። ከታች ሜዳው ላይ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፣ ሴቶች ልብስ ያሰጣሉ። ከተማውን አሁንም ትወጂዋለሽ ወይ ብዬ አንድ ቀን ጠየቅኳት፤ ላጫውታት ብዬ ነው። «ከሩቅ ያምራል» አለች።

በገባን በአምስተኛው ወር፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ገላዋን ላጥባት ውኃ አሙቄ ስመለስ ወንበሯ ላይ አርፋ ነበር።

ወንድሜን ከጋራዥ ጠራሁት። መጥቶ አያት፣ ዓይኖቿን ከደነ። ዘመዶች ከሶዶ እስኪመጡ እንጠብቅ፣ ለጎረቤታችንም ሽማግሌ ተልኮ በወጉ ነገ ማለዳ ይረዱ ብዬ ነበር። እሱ ግን ቱታውን እንኳ ሳይቀይር ወጣ። ሦስት ታክሲ ይዞ ሀይሌ ጋርመንት ወረደ፤ በጠራራ ፀሐይ በራቸውን አንኳኳ፣ ሲከፍቱለት እዚያው ቆሞ «እናቴ ዛሬ ጠዋት ሞተች፤ አፉ ያላባባልኳችሁ እኔ ነኝ» አላቸው። ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ፣ እንዲህ ያለ መርዶ የት አለ ብሎ ሰደበው። እሱ ግን ጎረቤታችን ጮኸው እስኪወጣላቸው ደረጃው ላይ ተቀምጦ ጠበቃቸው፤ ከዚያ ክንዳቸውን ይዞ በታክሲ አመጣቸው፣ አራቱን ፎቅ ደግፎ አወጣቸውና ከአስከሬኑ ራስጌ፣ የእህት ቦታ ላይ አስቀመጣቸው። እሱ ወርዶ ድንኳን ሊተክል ሄደ።