በእኔ ፈንታ የተጾመ ጽጌ

ባለፈው ሳምንት ጉልበቴን ቢያመኝ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ወጣቷ ሐኪም የአጥንቴን ፎቶ ወደ መስኮቱ አቅንታ አየችና ለዕድሜዬ ጥሩ አጥንት እንዳለኝ ነገረችኝ። እንዲሰነብትልኝ ግን ካልሲየም ያለበት ምግብ በየቀኑ አይቅርብዎ አለች፤ ጎመኑን፣ ሰሊጡን፣ ከሁሉም በላይ ወተቱን። ጽጌ እየጾምኩ ነው አልኳት። እሱማ የፈቃድ ጾም አይደለም ወይ ብላ ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅኩም። ሌላው ሰው ወተት ሲባል ልጅነቱ ትዝ ይለዋል፤ እኔን ትዝ የሚለኝ ሁዳዴ ነው።

ዘመኑ የደርግ ነበር። ባለቤቴ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ ወደ ሰሜን ሲዘምት የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዤ ነበር። ብቻዬን እንዳልሆን እናቱ፣ እማማ ጥሩወርቅ፣ ከመሸንቲ መጥተው ባሕር ዳር ከሐይቁ ዳር ካለችው ቤታችን አብረውኝ ተቀመጡ። ቀጭን፣ ቀልጣፋ፣ ቃላቸው የማይታጠፍ ሴት ነበሩ። ከእሱ ሌላ ልጅ የላቸውም። ያን ዓመት ተስለው ነበር፤ በዚህ ቤት ሁዳዴው ሳይሻር ከተፈጸመ ልጃቸው በደኅና እንደሚመለስላቸው አምነው። እኔም በደስታ ተስማማሁ፤ የእሳቸው ልጅ የእኔም ባል ነው።

የባሕር ዳር ሁዳዴ ሙቀቱ አይጣል ነው። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ እንኳ ለብ ያለ ነው፤ የሚያጽናና ነገር ቢኖር የማንጎው መድረስ ነው። ሽሮና ክክ፣ ክክና ሽሮ እየበላን ሰነበትን። ሆዴ ሲገፋ ባቴን ጭምድድ ያደርገኝ ጀመር። አንድ ቀን ደግሞ ቆሎ ስቆረጥም የመንጋጋ ጥርሴ ተሸረፈ። የሰፈር ሴቶች እያንዳንዱ ልጅ አንድ ጥርስ ይዞ ይወጣል አሉኝ። እንዲያ ከሆነ አሥር የወለደችው በድዷ ቀርታለች ማለት ነው ብዬ ቀለድኩ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ግን አልቀለደችም፤ ጽንሱ ከአጥንትሽ እየወሰደ ነው፣ ወተት ጠጭ አለችኝ።

ጎረቤታችን ዘይነባ የሙስሊም ነጋዴ ሚስት ናት፤ አንዲት ላም ነበረቻት። በሁዳዴ ክርስቲያን ደንበኞቿ ወተት ስለማይገዙ ሁሉንም እየናጠች ለፋሲካ ቅቤ ታጠራቅማለች። የነርሷን ቃል ሰምታ አንድ ጆግ ወተት አመጣችልኝ። እማማ ጥሩወርቅ አመስግነው መለሱባት። ዘይነባ አልተቀየመችም። «ላሚቱም አልነጠፈች፣ እኔም የትም አልሄድሁ። ሲፈቀድልሽ ጥሪኝ» ብላኝ ወጣች።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ በሐይቁ ዳር መንገድ ላይ ባቴ ተሸመቀቀና ወደቅኩ። ሆዴን እንዳልመታው በክንዴ ነበር ያረፍኩት። አማቴ አቧራው ላይ ተቀምጠው እግሬን አሹልኝ። ፊታቸውን ሳየው አሳዘኑኝ። በአንድ በኩል ጦር ሜዳ ያለ ልጃቸው፣ በሌላ በኩል ሆዴ ውስጥ ያለው ልጁ አሉ፤ አንዱን ሊያድኑ ሌላውን የሚጎዱ መስሏቸዋል።

እቤት አድርሰውኝ ወደ ንስሐ አባታቸው ሄዱ። ሲመለሱ ነጠላቸውን ሳያወልቁ ፊቴ ቆሙ።

«ለነፍሰ ጡር ይፈቀዳል፣ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽ ብለው ተቆጡኝ» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የተሳልሁት እኔ ነኝ፣ አንች አይደለሽም። የአንችን ጾም እኔ በጽጌ እጾመዋለሁ። አሁን ጠጭ» አሉኝ።

ራሳቸው በአጥሩ በኩል ዘይነባን ተጣሩ። ወተቱን ያፈሉልኝም እሳቸው ናቸው፤ የትኩስ ወተት ሽታ እንዴት እንደሚፈትን የጾመ ያውቀዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ጠጣሁ። የባቴ ሕመምም እያደር ተወኝ።

ልጄ ከፋሲካ በኋላ ተወለደ፤ አባቱም ክረምቱ ሳይወጣ ክንዱ ቆስሎ፣ ግን በሕይወት ተመለሰ። የአደይ አበባ ሲፈነዳ እማማ ጥሩወርቅ ጽጌን ጀመሩ። ልጅዎ ገብቶ የለም ወይ፣ ይተዉት ብላቸው ቃል ቃል ነው አሉኝ። ከዚያ በኋላም ሁዳዴ እርጉዝ ሆኜ ባገኘኝ ቁጥር እኔ ወተቴን ጠጣሁ፣ እሳቸው ጽጌን ጾሙ። የኋላ ኋላ ጀርባቸው ጎበጠ። በመጨረሻም ደጃፍ ላይ አዳልጧቸው ዳሌያቸው ተሰበረ፤ ከዚያ አልጋ ሳይነሡ አረፉ። ከጾሙ ይሁን ከእርጅናው አላውቅም። እኔ ግን ካረፉ ወዲህ በየዓመቱ ጽጌን ስጾምላቸው ኖሬያለሁ።

ለዚህ ነው ሐኪሟ አጥንትዎ ጥሩ ነው ስትለኝ እንባዬ የመጣው። እቤት ገብቼ ልጄ፣ ያ የሁዳዴው ልጅ፣ የሐኪሟን ቃል ሰምቶ ያፈላልኝን ወተት ፊቴ አድርጌ ብዙ ተቀመጥኩ። እማማ ጥሩወርቅ ቢያዩኝ ምን ይሉኝ ነበር ብዬ አሰብኩ። አሁንም ነጠላቸውን ሳያወልቁ ፊቴ የቆሙ መሰለኝ።

አሁን ጠጭ።

ጠጣሁት።