ከውሃው አጠገብ የቆመ ሰው

በዚያ ሰሞን በነጌሌው እስር ቤት፣ ከበሩ በስተግራ ባለችው ክፍል፣ ከእኔ ጋር ሦስት ሰዎች ነበሩ፦ ልጆቻቸው ወዴት እንደ ሸፈቱ አልናገርም ያሉ የቦረና ሽማግሌ፣ ከሻኪሶ የመጣ ወርቅ አጣቢ፣ እንዲሁም የፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበረ ቀጭን ሰው። እኔ መምህር ነበርኩ። ተማሪዎቼ መሬት የማን እንደሆነ ሲጠይቁኝ ሳልሸሽ በመመለሴ ከመማሪያ ክፍል ወሰዱኝ። እዚያ ስገባ ጣቶቼ ገና በጠመኔ ነጭ ነበሩ።

ያደግኩት ሜጋ አጠገብ፣ በወታደር ቤት ነው። የጎረቤት ልጆች ኤላ ወደሚሉት ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ይወስዱኝ ነበር። ሰዎች ከታች እስከ ላይ በእርከን ቆመው፣ እየዘፈኑ ውሃውን ከእጅ ወደ እጅ ያወጡታል። የእኔ ቦታ ላይኛው እርከን ነበር። ለትምህርት ከዚያ ከወጣሁ ጀምሮ የዕለቱን የመጀመሪያ ውሃ በሁለት እጄ ከራሴ በላይ ሳላነሣ፣ ያንንም ዜማ ሳላንጎራጉር አልጠጣም። ልጅነቴን የማስብበት ሌላ በዓል የለኝም።

ሽማግሌው ይህን ባዩ ጊዜ ተገርመው ነበር።

«አካም! እንዴት ነው ነገሩ? የወታደር ልጅ ይህን ከየት አገኘው?»

ጸሐፊው ግን ሳቀ። «መምህር በጣሳው ሊቀድሱበት ነው! ቶሎ ይጠጡና ያቀብሉን እንጂ።»

«ተው አንተ» አሉት ሽማግሌው። «ኤላ ላይ ከውሃው አጠገብ የቆመ ሰው ያቀብላል እንጂ አይጠጣም። እሱ የሚጠጣው ሌላው ሲጠጣ ነው።»

«እንግዲያው እኔ የምቆመው ከላይ ነው» አለ ጸሐፊው።

መዘዙ የመጣብን ከወርቅ አጣቢው አፍ ነው። አንድ ምሽት ተቆጥቶ፣ የሚያጥበው ወርቅ በስውር ለማን እንደሚሄድ ሲናገር የአንድ ትልቅ ሰው ስም ጠራ። ከበሩ ውጭ የነበረው ዘብ ስሙን ሰማ፤ ድምፁ የማን እንደሆነ ግን አልለየም። በማግስቱ ጸሐፊውን ብቻ ወደ ቢሮ ጠሩት። ጢሙን ተላጭቶ ተመለሰ፤ ምን እንደ ጠየቁት አልነገረንም። እኛም አልጠየቅነውም፤ ከዚያ በኋላ ግን በፊቱ የምንናገረውን መረጥን።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የእስር ቤቱ አዛዥ የሆነው መቶ አለቃ አንድ በርሜል ሙሉ ውሃ ከበሩ ፍርግርግ ውጭ አስቀመጠ።

«ስሙን የጠራው ማን እንደሆነ የሚነግረኝ ይጠጣል። እስከዚያ ማንም አይጠጣም።»

የቆርቆሮው ጣሪያ በሙቀት ይንጣጣ ነበር። ንቦች በበርሜሉ ከንፈር ላይ ያርፉ ነበር፤ እነርሱን የከለከላቸው የለም። የሽማግሌው ከንፈር ተሰነጠቀ።

«መምህር» አለ ጸሐፊው እኩለ ቀን ላይ፣ «ማታ ማታ ከሚነግሩን ከግሪኮቹ ተረት አንድ ይንገሩን። አፋችን ጥሙን ይረሳው እንደሆነ።»

በአማልክት ማዕድ ይቀመጥ ስለነበረ አንድ ንጉሥ ነገርኳቸው። በመጨረሻ እስከ አገጩ በውሃ ውስጥ እንዲቆም ተፈረደበት፤ ሊጠጣ ባጎነበሰ ቁጥር ውሃው ይሸሸዋል።

«ጥፋቱ ምንድን ነው?» አለ ወርቅ አጣቢው።

ጸሐፊውን ሳላይ መለስኩ። «በማዕዱ የሰማውን ለሌላ አወራ።»

ጸሐፊው ቀና ብሎ አየኝ። «መርጠው ለእኔ ነው ያመጡት?»

«ተረቱ እንዲህ ነው።»

«እነዚያ አማልክት ግን» አሉ ሽማግሌው፣ «እነሱስ ጥፋት የላቸውም?»

«አላቸው። ይቀናሉ፤ ይዋሻሉ።»

«ታዲያ! ሰውየው አወራ፣ እሺ፣ ይካስ። ለተጠማ ሰው ውሃ መከልከል የየት አገር ደንብ ነው?»

ወርቅ አጣቢው ሊነሣ ሲል ሽማግሌው እጁን ያዙት።

«አባባ፣ በእኔ ምክንያት ሊሞቱ እኮ ነው።»

«ቁጭ በል። እኔ ስንት ድርቅ አይቻለሁ።»

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የዘቦቹ አሥር አለቃ መጣ። ጣሳ በበርሜሉ ውስጥ ነክሮ፣ ውሃው እየተንጠባጠበ አሳየን።

«ማነው የሚናገር?»

ጸሐፊው ተነሣ። ወርቅ አጣቢው ዓይኑን ጨፈነ።

«መጀመሪያ ጣሳውን» አለ ጸሐፊው።

«መጀመሪያ ተናገር።»

«አሥር አለቃ፣ በደረቀ አፍ ምኑን እናገረዋለሁ?»

ጣሳው በፍርግርጉ መካከል ገባ። ጸሐፊው በሁለት እጁ ተቀብሎ ከራሱ በላይ አነሣው። እንደገና የሚያላግጥብኝ መሰለኝ። ሳይጠጣ ዞሮ ለወርቅ አጣቢው ሰጠው፤ እርሱ ለእኔ፣ እኔም ለሽማግሌው አቀበልን። ሽማግሌው ጣሳውን ሲቀበሉ የኤላውን ዜማ በቀስታ ጀመሩ።

ጸሐፊው ወደ በሩ ተመለሰ። «ስሙን የጠራሁት እኔ ነኝ።»

«ያን ለት ሲጠይቁህ አላውቅም አላልክም?»

«ያን ለት አልጠማኝም ነበር።»

በሩ ተከፈተ፤ ወሰዱት። ወርቅ አጣቢው «እኔ ነኝ!» እያለ እየጮኸ ተከተለው፤ አሥር አለቃው ግን ገፍትሮት ዘጋ። «ያመነ ተገኝቷል» አለ።

ሽማግሌው፣ እኔ፣ በመጨረሻም ወርቅ አጣቢው ጠጣን። ማንም ሳያዘን የጸሐፊውን ድርሻ አስቀረን። ሽማግሌው ጣሳውን በሻሻቸው ሸፍነው ከበሩ አጠገብ አስቀመጡት። ጉሮሯችን ገና ይቃጠል ነበር፤ ውሃው ግን ሳይነካ አደረ። ጠዋት ዘቡ ወስዶ ደፋው። ጸሐፊውን ወዴት እንደ ወሰዱት አልሰማንም።

ዛሬም በየጠዋቱ ብርጭቆዬን ከራሴ በላይ አነሣለሁ። ከዚያም አጠገቤ ላለ ሰው አቀብላለሁ፤ ሰው ከሌለ ጥቂት አስቀምጬው እቆያለሁ። የቤቴ ሰዎች የእርጅና ጠባይ ይሉታል፤ አላስተባብልም። የዚያን ንጉሥ ተረት ግን ከዚያ ወዲህ በየትኛውም ክፍል አላስተማርኩም።

በዚያ ምሽት በክፍሉ የቀረነው ሦስት ነበርን፤ ውሃውን ግን ለአራት ነበር የተካፈልነው።