ስምንት ሙሉ ብርጭቆ

ወይን አላውቅም። ዳውንታውን ባለ ሆቴል ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት የሠራሁት ቁርስ ላይ ነው፤ እንቁላል፣ ድንች፣ ጁስ። ስለ እንቁላል የሚጠይቀኝ ሰው ካለ ቀኑን ሙሉ ባወራ አይደክመኝም። ያን ቀን ግን ከሰዓት በኋላ ላይኛው አዳራሽ ውስጥ የወይን ቅምሻ ነበር። ከደቡብ ጣሊያን የመጡ ገበሬዎች በየጠረጴዛው ቆመው፣ ከቤተሰባቸው እርሻ ያመጡትን ቀይ ወይን ለአስመጪዎች ያስቀምሳሉ። ልብሴን ልቀይር ስሄድ ሱፐርቫይዘራችን፣ የደሴ ልጅ ነው፣ ኮሪደሩ ላይ ያዘኝ።

«እባክሽ እህቴ፣ አንዱ ሰርቨር ኮል አውት አድርጓል፤ አይመጣም። እስኪያልቅ ከቨር አድርጊልኝ።»

«እኔ ስለ ወይን ምን አውቃለሁ?»

«ምን ማወቅ ያስፈልጋል? ብርጭቆ ውስጥ ፑር ማድረግ ነው፤ ኢዚ ነው!»

የደረሰኝ ጥግ ላይ ያለው ጠረጴዛ ነበር። ባለቤቱ ሰባዎቹን ያገባደዱ ሽማግሌ ናቸው፤ ከረባታቸው ጠማማ፣ ጣቶቻቸው ወፋፍራም፣ ጥፍራቸው ሥር ሳሙና የማያስለቅቀው ጥቁረት አለ። ወዲያው ወደድኳቸው። የእሳቸውም እንግሊዝኛ የእኔም የተሰባበረ ስለሆነ በደንብ ተግባባን። ስድስት ጠርሙስ በሸሚዝ ጠቅልለው በሻንጣ ቢያመጡ ሁለቱ መንገድ ላይ ተሰብረውባቸዋል። የቀረው አራት ነው።

ወይኑ አልያኒኮ ይባላል። የዚያው የአገራቸው ዘር ነው፤ አያታቸው የተከሉት ግንድ ዛሬም ያፈራል። የሌላ ሰው ወይን ተለቅሞ ሲያልቅ ይሄ ገና አልበሰለም፤ ብርድ ገብቶ ነው የሚለቀመው። ሲጠጣም መጀመሪያ ምላስ ይይዛል፣ ቆይቶ ይፈታል። «ግትር ነው» አሉኝ፣ ስለ ልጅ እንደሚያወሩ ፈገግ ብለው። ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። እውነተኛ ልጃቸው ይሄ ወይን ሰልችቶታል። ዛሬ አንዲት አስመጪ ትመጣለች፤ እሷ ካልወሰደችው ልጁ ግንዶቹን ነቅሎ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ዓይነት ሊተክል ነው። «እምቢ አልልህም ብዬ ቃል ገብቼለታለሁ» አሉ። ቁርስ ለምሠራው ለእኔ ምኔ ነው? ግን ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ወለወልኳቸው።

አስመጪዋ ሳትመጣ አንድ ሲጋራ ላጭስ ብለው ወጡ። «ሰው ከመጣ ቅጂለት» አሉኝ በሩ ጋ ዞረው።

ሰው መጣ። አሁን እናንተው ፍረዱኝ። በሌሎቹ ጠረጴዛዎች ሲቀዱ አይቻለሁ፤ ያን የሚያህል ብርጭቆ ሥሩን ብቻ አርሰው ይሰጣሉ። ሰዉም ተቀብሎ ያሽከረክረዋል፣ ያሸተዋል፣ ይጉመጠመጥበታል፣ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለው ባልዲ ውስጥ እንትፍ! ጠልተውት መስሎኝ ለገበሬዎቹ አዘንኩ፤ ብዙ የሚቀምስ ሰው እንዳይሰክር እንደሚተፋ የሰማሁት በኋላ ነው። እናቴ ቤት ለእንግዳ ጎደሎ ብርጭቆ ማቅረብ ቶሎ ሂድልኝ ማለት ነው። አንድ አዛውንት ጠረጴዛቸውን አምነው ሰጥተውኝ እንግዳቸውን በአንድ ጉንጭ ላሰናብት? አይደረግም! እስከ አፉ ሞላሁት። የመጀመሪያው ሰውዬ «ኦ ማይ ጋድ!» ብሎ ጓደኞቹን ጠራ። ለእነሱም ሞላሁ።

ስምንት ሰው ነው የቀዳሁለት። ሽማግሌው ሲመለሱ ሦስቱ ጠርሙሶች ባዷቸውን ነበሩ፤ አራተኛው ውስጥ ሁለት ጣት ያህል ቀርቷል። ጠርሙሱን አነሱት፣ በመብራቱ አዩት፣ አስቀመጡት። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። ወንበር ስበው ተቀመጡና ከረባታቸውን ማስተካከል ጀመሩ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳቸው። «እኛ አገር፣ እናቴ ቤት፣ ለእንግዳ ጎደሎ አይሰጥም። ይቅር ይበሉኝ፣ አባቴ።»

ቀና ብለው አዩኝና ወደ ከረባታቸው ተመለሱ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

አስመጪዋ የመጣችው ያኔ ነው። ጸጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ደብተር የያዘች፣ ፊቷ የማይፈታ ሴት ናት። ሳትጠይቀኝ ለፈለፍኩላት፤ እሳቸው አልነበሩም፣ ቀድቼ የጨረስኩት እኔ ነኝ፣ እኔ ደግሞ የቁርስ ነኝ። ከቀረው ግማሹን ቀዳሁላት። ጎንጨት አለችና ልትተፋ ባልዲውን ሳበች። ሳበችና ቀረች።

ባልዲው ደረቅ ነበር። የጎረቤታችን ባልዲ ግማሽ ደርሷል፤ የእኛ ከጓዳ እንደወጣ ነው። ባልዲውን አየች፣ ባዶ ጠርሙሶቹን አየች፣ ብርጭቋቸውን ጨርሰው አሁንም ጠረጴዛውን ከበው የሚሳሳቁትን ሰዎች አየች። አፏ ውስጥ ያለውን ዋጠችው።

«እስከ አፉ ነው የሞላሽላቸው?»

«አዎ።»

«አንድም ሰው አልተፋም?»

«እኔ እያለሁ ማን ይተፋል!» አልኳት።

ፊቷ ተፈታ። ደብተሯን ገልጣ ሽማግሌው አጠገብ ተቀመጠችና ያላቸውን ወይን በሙሉ እንደምትወስድ ነገረቻቸው። ወዲያው ለልጃቸው ደወሉ። በጣሊያንኛ ሲጮሁ አንድ ቃል አልገባኝም፤ ግንዶቹ እንደዳኑ ግን ገባኝ። አለቀስኩ፤ ምን ይደበቃል።

ብርጭቆ ልሰበስብ ስል እጄን ያዙኝ። ጠርሙሱ ውስጥ የቀረውን ጭላጭ አዩ፣ ትልቁን ብርጭቆ አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀስ ብለው ተነስተው አዳራሹን አቋርጠው ቡና ወደተደረደረበት ሄዱና ከወረቀት ኩባያዎቹ ሁሉ ትንሿን መርጠው ተመለሱ። ጭላጩን ገለበጡባት። እስከ አፏ ሞላች።

«የእኔም እናት ቤት እንደዚሁ ነው» ብለው ሰጡኝ።

ዩኒፎርም ለብሶ መጠጣት ክልክል ነው። ሱፐርቫይዘሩ በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል። ጠጣሁት።