የእትዬ ከድጃ መደብ

ግንበኝነት የጀመርኩ ዕለት የሠራሁት የመጀመሪያ ሥራ ግድግዳ ማጣመም ነው። ማትሪክ አልመጣልኝም፣ እርሻውም አልሆነልኝም። አባቴ «በል ከተማ ግባና እጅህን አሠልጥን» ብለው መካነ ሰላም ላኩኝ፤ ጋሽ ይመር ዘንድ ተቀጠርኩ። ጋሽ ይመር ያኔም ሸምገል ያሉ ነበሩ። ግንበኛም አናጢም ናቸው። ብዙ አይናገሩም።

እሳቸው መወጣጫው ላይ ሆነው ቱንቢውን ወደ ታች ለቀቁት። ቱንቢ ጫፉ ላይ ብረት የተንጠለጠለበት ክር ነው፤ ግድግዳ ቀጥ ማለቱ የሚታወቀው በእሱ ነው። የእኔ ድርሻ ከታች ቆሜ ብረቱ መወዛወዙን ሲያቆም መናገር ብቻ ነበር። ነፋሱ ግን ፋታ አልሰጥ አለ። «ቆመ ወይ?» ይሉኛል ከላይ። «ገና ነው።» «አሁንስ?» «ገና።» ሦስተኛ ሲጠይቁኝ አፈርኩ። ሥራ የማይችል እንዳልመስል ብረቱን በእጄ ያዝ አደረግሁና «ቆሟል!» አልኩ።

ሦስት ረድፍ ብሎኬት በእኔ እጅ ልክ ተደረደረ። ጋሽ ይመር ወርደው ራቅ ብለው አዩት። ጭንቅላታቸውን ወደ ግራ ዘንበል አደረጉ፤ ግድግዳው የዘነበለው ወደዚያ ስለነበር ነው።

«ማነው ብረቱን ያቆመው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

«ልጄ፣ ቱንቢን ሰው አያቆመውም። ትጠብቀዋለህ፣ ራሱ ይቆማል» አሉና ግድግዳውን አስፈረሱት። ያን ቀን ሠራተኞቹ በሙሉ «ኢንጂነር» ብለው ጠሩኝ። ስሙ ተጣብቆብኝ ቀረ። ኋላ ላይ ነገሩን የማያውቁ ደንበኞች ስሙን የምር አድርገው ያዙት። እኔም አላረምኳቸውም። ምን በወጣኝ!

በእኛ ሥራ መጀመሪያ ጭቃ ታቦካለህ፤ ቀጥሎ ድንጋይ ታቀብላለህ፤ ከዚያ ረዳት ትሆናለህ፤ ማንኪያ ጨብጠህ ግንበኛ የምትባለው በመጨረሻ ነው። ሌላው በሦስት ዓመት የደረሰበት ላይ እኔ በስድስት ዓመት ደረስኩ። ጋሽ ይመር «ሙላት እጁ ጥሩ ነው፤ ችግሩ መጠበቅ አይችልም» ይሉ ነበር። ሙገሳ መስሎኝ ለሰው አወራዋለሁ።

የራሴን ሥራ ስይዝ ዘመኑ ተቀይሮ ነበር። በፊት የቤት እድሳት ማለት ሣሩን አንሥቶ ቆርቆሮ ማልበስ፣ ማዳበሪያ ሰፍቶ ኮርኒስ መወጠር፣ ወለሉን ሊሾ ማድረግ ነው። አሁን ባለቤቱ ስልኩን ከኪሱ ያወጣና «እንዲህ አድርግልኝ» ይላል። ፎቶው ዱባይ ይሁን አዲስ አበባ አያውቀውም። እኔም አላውቀውም። «ቀላል ነው» እላለሁ።

ደጎሎ ላይ ለአንድ መምህር የፊቱን ግድግዳ ግማሽ በግማሽ መስኮት አደረግሁላቸው። ያን ሜዳ ነፋሱ እንዴት እንደሚገርፈው የሚያውቅ ያውቀዋል። በኅዳር ሄጄ ሳይ ብርድ ልብስ ሰቅለውበታል። «ኢንጂነር፣ መስኮቱ እኮ በጣም ያምራል፤ ብርድ ልብሱን ስናነሣው ይታያል» አሉኝ። አቀስታ ላይ ደግሞ የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ አነጠፍኩ። ውርጩ ከሥር ሲመጣባቸው ከዳር እስከ ዳር የበግ አጎዛ ደረደሩበት። እንግዲህ ትምህርት ለሚገባው ሰው ሁለቱም ትምህርት ነበሩ።

እትዬ ከድጃን ያገኘኋቸው ከዚያ በኋላ ነው። መካነ ሰላም ገበያው አጠገብ ቅመም የሚሸጡ፣ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው። ቤታቸው የጭቃ ቤት ነው፤ ጀርባውን ለዳገቱ ሰጥቶ የቆመ፣ የኋላው ግድግዳ ሥር ረጅም መደብ ያለው። አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ሰዓዳ። ሰባት ዓመት ዐረብ አገር፣ ጅዳ፣ በሰው ቤት ሠርታለች። በግንቦት ለኒካህዋ ልትመጣ ነው። ቤቱ ከዚያ በፊት እንዲያልቅ ፈለገች።

ሰዓዳ የምትሠራበትን ቤት ሳሎን አንሥታ ላከችልኝ። ጂፕሰም ኮርኒስ፣ ዙሪያውን መብራት፣ ነጭ ልስን ግድግዳ። «ጋሽ ሙላት፣ ይኸን ሳሎን በቀን ሁለቴ እወለውለዋለሁ። ተቀምጬበት ግን አላውቅም። እማ እንዲህ ያለው ቤት ውስጥ እንድትቀመጥልኝ ነው» አለችኝ በስልክ። አንጀቴን በላችው። የጅዳን ሳሎን መካነ ሰላም ላይ ካላወረድኩ ሞቼ እገኛለሁ አልኩ።

እትዬ ከድጃ ሁሉንም እሺ አሉ። አንድ ነገር ብቻ ያዙ።

«ልጄ ያለችህን አድርግ። ይቺን መደብ ግን አትንካት። አባቷ ያለነገር አልሠራትም።»

«እትዬ፣ መደብ እኮ ቀርቷል። አሁን ሶፋ ነው» አልኳቸው።

«እኔ ስለ ሶፋችሁ ምን አውቅልሃለሁ። አትንካት ነው ያልኩህ።»

ለሰዓዳ ደወልኩና «እናትሽ የአባትሽ ትዝታ ሆኖባቸው መደቡን አልለቅ አሉ» አልኳት። «ሳሎኑን ካጠበበው አፍርሰው፤ እማን እኔ እለምናታለሁ» አለች። እትዬ ከድጃ ወግዲ ለቅሶ ሄደው ሦስት ቀን እንደሚቆዩ ሰማሁ። በሄዱ በማግሥቱ ዲጂኖ አነሣሁ።

መደቡ ግን እንቢ አለኝ። በጭቃ የተለሰነ አፈር መስሎኝ ነበር፤ ውስጡ ጥርብ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ከወለሉ በታች ወርዶ፣ ከኋላው ግድግዳ ቋሚ እንጨቶች ጋር ተደግፎ፣ እርስ በርሱ ተቆላልፏል። ሁለት ቀን ሙሉ ታገልኩት። ለመቀመጫ የተሠራ ነገር ይኸን ሁሉ መሠረት ለምን ፈለገ ብሎ የሚጠይቅ ራስ ያስፈልግ ነበር። እኔ ዘንድ የነበረው ዲጂኖ ብቻ ነው። እንዲያውም «የዱሮ ሰው ጉልበት እንጂ ዕቅድ የለውም» ብዬ ለሠራተኞቹ ንግግር አደረግሁ።

እትዬ ከድጃ ተመልሰው ገቡ። ባዶውን ቦታ አዩት። ይጮሃሉ ብዬ ስጠብቅ «እንግዲህ ኸይር ያድርገው» አሉና የመስገጃ ምንጣፋቸውን መደቡ በነበረበት ቦታ ላይ አነጠፉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

የጭቃውን ግድግዳ የዶሮ ሽቦ አልብሼ በሲሚንቶ ለሰንኩት። ኮርኒሱ ተሰቀለ፤ መብራቱ በራ። ስልኬን ወደ ግድግዳው አዙሬ ለሰዓዳ በቪዲዮ አሳየኋት። ራሴን አላሳየሁም፤ የለበስኩት ቱታ የኢንጂነር አይመስልም ነበር። ልጅቷ በደስታ አለቀሰች። እኔም ማታውን ለሚስቴ «ከዚህ ወዲያ ቤት የለም» አልኳት።

ሰዓዳ ልትገባ አምስት ቀን ሲቀራት የበልግ ዝናብ ሁለት ቀን ሳያባራ ጣለ። ሰኞ ከቀትር በኋላ ጎረቤት ደወለልኝ። «ኢንጂነር፣ ቶሎ ና። ቤቱ ገብቷል።» «ማን ገባ?» «ግድግዳው ነዋ!»

እየሮጥኩ ደረስኩ። የኋላው ግድግዳ ወደ ሳሎኑ ተዘርግቷል። ልስኑ ሽቦውን ይዞ እንደ ቆዳ ተገፏል። ኮርኒሱ ወርዶ መስገጃው ምንጣፍ ላይ ተከምሯል። «እትዬ!» ብዬ ጮህኩ።

እትዬ ከድጃ በግቢው ተገልብጦ በተቀመጠ ባልዲ ላይ ነበሩ። ለዐሱር ሰላት ውዱእ ሊያደርጉ፣ ሊተጣጠቡ፣ ወደ ውጭ በወጡበት ነው የወደቀው። እጃቸው ገና እርጥብ ነው። «አብሽር» አሉኝ፤ እኔን ያጽናኑኛል። «ቤት ነው የወደቀው፣ ሰው አልወደቀም።»

ከፊታቸው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። የግድግዳው ቋሚዎች ተነቅለው ይታዩኛል፤ ከዳገቱ በሚወርደው ውሃ እግራቸው በስብሶ አልቋል።

«አባቷ በሕይወት ሳለ ይኸው ግድግዳ አንድ ጊዜ ዘሞ ነበር» አሉኝ። «እንጨቱን ለመቀየር አቅም አልነበረንም። በድንጋይ ደገፈው። ድጋፉን መደብ አደረገውና ተቀመጥንበት።»

«ታዲያ እትዬ፣ ይኸን ለምን አልነገሩኝም?»

ቀና ብለው አዩኝ። «አትንካት አላልኩህም? ለምን ብትለኝ እኮ እነግርህ ነበር።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አንድ ቃል ነው። ለምን ብል ኖሮ ይበቃ ነበር!

በማግሥቱ ሰፈሩ ጅጌ ወጣ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አካፋውን ይዞ መጣ። አንዱ ጎረቤት የራሱን ቤት ሊመርግበት ጭድ ነክሮ ሲያበስለው የሰነበተውን ጭቃ «ውሰዱት፣ የእኔ ይደርሳል» ብሎ ሰጠ። ጋሽ ይመርም በምርኩዝ መጡ። ከሥራ ከወጡ ቆይተዋል። በርጩማ ላይ ተቀምጠው በምርኩዛቸው እያመለከቱ ያዝዙን ጀመር። መጀመሪያ ከቤቱ ጀርባ የውሃ መውረጃ አስቆፈሩ። ከዚያ አዲስ ቋሚ አስተከሉ። ማገሩ ታሰረ። ወደ ጓሮ የወረወርኳቸውን የመደቡን ድንጋዮች አንድ በአንድ ለቅሜ መለስኳቸው። ስጥላቸው ቀለውኝ ነበር፤ ስመልሳቸው ወገቤን ቆረጡት።

ዓርብ ከቀትር በፊት፣ ጉልበቴ ድረስ ጭቃ ውስጥ ገብቼ ስረግጥ፣ ሚኒባስ ደጃፉ ላይ ቆመ። ሰዓዳ ነች። ሻንጣዋን እንደያዘች ግቢው መሐል ደርቃ ቀረች። የተመረገው ግድግዳ ገና ውሃ ያንጠባጥባል። ጣሪያው ያለ ኮርኒስ ባዶውን ነው። አየችው፣ አየችው፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ጋሼ፣ ኢንጂነሩ የታለ?»

አላወቀችኝም። ፊቴም በጭቃ ተለቅልቋል። እግዜር ያሳያችሁ፣ በዚያች ሰዓት እንኳ ምን አልኩ? «አሁን ወጣ ብሏል» አልኩ።

ከኋላዬ የጋሽ ይመር ድምፅ መጣ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«ሙላት፣ ብረቱን ልቀቀው።»

ያ የቱንቢው ነገር ከሆነ ከሃያ ዓመት በላይ አልፎታል። አንድም ቀን አንሥተውት አያውቁም። እኔ ግን ወዲያው ገባኝ።

«እኔ ነኝ» አልኳት። «በስልክ የምታውቂኝ ሙላት። ኢንጂነር አይደለሁም፣ ሆኜም አላውቅም። መደቡ ግድግዳውን ደግፎ ነበር። እናትሽ አትንካ ብለውኝ እሳቸው በሌሉበት አፈረስኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«አንተ ነህ?» አለች። ሻንጣዋን ጣለችው። «ሰባት ዓመት የሰው ቤት ጠርጌ... ቤቱስ ይቅር። እናቴ ውስጥ ብትሆንስ?»

እትዬ ከድጃ መጥተው አቀፏት። እሷ ስታለቅስ እኔም ጭቃው ውስጥ እንደቆምኩ አለቀስኩ፤ ፊቴን ልጥረግ ስል ደግሞ ጭቃ ጨመርኩበት። «በሉ በሉ» አሉ እትዬ ከድጃ። «ለኒካህ ነው የመጣሽው፣ ለለቅሶ አይደለም። አንተም ርገጥ፤ ጭቃው ደረቀ።»

ኒካሁ እሑድ በዚያው ቤት ታሰረ። ኮርኒስ የለም፣ መብራት የለም፣ ግድግዳው ገና ጭቃ ጭቃ ይሸታል። ለሳሎኑ ተገዝቶ ከደሴ የመጣው ሶፋ ላስቲኩ ሳይወልቅ ጎረቤት ቤት ቆመ። ሽማግሌዎቹ ምንጣፍ አንጥፈው መደቡ ላይ ተደረደሩ። ዱዓውም እዚያው ሆነ። እኔ በር ላይ ቆሜ መደቡን ብቻ ነበር የማየው። ሰው በተቀመጠበት ቁጥር ልቤ ድው ይላል። መደቡ ግን አልነቃነቅ አለ።

ሰዓዳ ሳምንቱን ሙሉ አላናገረችኝም። እውነቷን ነው። ልትሄድ ስትል አስጠራችኝና «ጋሽ ሙላት፣ ቤቱን ጨርሰው። እማን እየጠየቅክ ግን» አለችኝ።

እየጠየቅኩ ጨረስኩት። እትዬ ከድጃ ሊሾ ወለል፣ በኖራ የተቀባ ግድግዳና ትንሽ መስኮት ነው የፈለጉት። ሶፋውንም አስገቡት፤ ስልካቸውን ቻርጅ ሲያደርጉ ያስቀምጡበታል። እሳቸው የሚቀመጡት መደቡ ላይ ነው። ሥራው ካለቀ በኋላ እየሄድኩ ዝናብ በጣለ ቁጥር የኋላውን ግድግዳ አያለሁ። «ዛሬም መጣህ?» ይሉኛል። «ቱንቢ ልጥል ነው» እላቸዋለሁ። ቱንቢውን ጥዬ እስኪቆም እጠብቃለሁ።

ጭቃ ቤት በጭቃ ይጠገናል፤ ሲሚንቶ አይይዘውም። ውሃ ከቤቱ ጀርባ መውረጃ ይፈልጋል። ቤት ውስጥ የተሠራ ነገር ሁሉ የተሠራበት ምክንያት አለው፤ ከማፍረስ በፊት የሚኖርበትን ሰው ለምን ብሎ መጠየቅ ነው። እኔ ይኸን የጠየቅሁት ቤቱ ከወደቀ በኋላ ነው።